ኤድዋርድ ሩፔል እና የጣና ዓሦች ስም

መግቢያ

በትምህርት ክፍላችን ስለ ወንዝ ዓሣ ሲወራ ጨዋታው ብዙውን ጊዜ የሚያመራው ወደ ባሌ ተራሮች ነው። እዚያ በዌብ፣ በዳንካና በሻያ ወንዞች ውስጥ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ውሃው ቀዝቃዛ፣ ወንዞቹ ጠባብ፣ ቦታው ሩቅ ነው። ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ ሰዎች ከላባና ከክር የተሠራች የውሸት ዝንብ መንጠቆ ላይ አስረው፣ በረዥም ቀጭን ዘንግ ውሃው ላይ ጣል እያደረጉ ያጠምዱታል። ፍላይ ፊሺንግ የሚባለው ይኸው ነው። ትራውቱ ግን የአገራችን ተወላጅ አይደለም። ባለፈው ምዕተ ዓመት ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ እንግዳ ነው፤ ኬንያም ብትሆን ከውጭ ያስመጣችው ነው።

ታዲያ የራሳችን የሆነ፣ በትናንሽ ወንዞች ፈጣን ውሃ ሽቅብ የሚወጣ ዓሣ የለንም ወይ? አለን። በጣና ሐይቅ የሚኖሩ፣ ክረምት ሲሆን እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች እየወጡ እንቁላል የሚጥሉ ዓሦች አሉን። ከእነዚህ የአንዱ ሳይንሳዊ ስም ላቤዮባርበስ ትሩቲፎርሚስ ሲሆን ትርጉሙ ትራውት የሚመስል ማለት ነው። እንግዳውን እያወቅን መሳዩን የቤት ልጅ አለማወቃችን ያሳዝናል።

የእነዚህን ዓሦች ታሪክ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከአንድ ጀርመናዊ መነሳት አለበት። ኤድዋርድ ሩፔል ይባላል። ስለ ወፍ የተማርን ሁሉ የሩፔል ጥንብ አንሳ የሚባለውን አሞራ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1973 በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ 11,000 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው፣ በከፍታ በረራ ስሙ የሚጠራው ወፍ ማለት ነው። ስሙ በአሞራ የታወቀ ሰው ግን ለዓሣ ጥናታችን የሠራው ሥራ ብዙም አይነገርለትም። በዚህ ጽሑፍ የሩፔልን ሕይወት በአጭሩ አቀርባለሁ። በተለይም ለዓሦቻችን የሰጣቸው ስሞች ምን እንደ ደረሰባቸው እናያለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ወጣትነት

ሩፔል የተወለደው ኅዳር 20 ቀን 1794 በጀርመን ፍራንክፈርት ከተማ ነው። አባቱ ሀብታም የባንክ ሰው ስለነበር ልጁም የንግድ ሥራ እንዲይዝ ነበር የታሰበው። በዚያ ዘመን የነጋዴ ልጅ ነጋዴ ይሆናል፤ ነገሩ ያለቀለት ነው። እሱም መጀመሪያ በዚሁ መንገድ ሄደ።

በ1817 ግን ወደ ግብፅና ወደ ሲና ተጓዘ። ይህ ጉዞ ሐሳቡን ገለበጠው። ከንግዱ ይልቅ ድንጋዩ፣ እንስሳውና አገሩ ማረከው። ወደ አውሮፓ ሲመለስ ዝም ብሎ ለሌላ ጉዞ አልተጣደፈም። መጀመሪያ መማር እንዳለበት ስለገባው በጣሊያን አገር በፓቪያና በጄኖዋ ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት የሚሰጡ ትምህርቶችን ተከታተለ። በከዋክብት ልኬት የአንድን ቦታ አቀማመጥ ማወቅንም ተማረ። በዚህም የተነሳ በኋላ የሄደበትን አገር ሲያይ እንደ ቱሪስት ብቻ አላየም። ከፍታ ይለካል፣ ካርታ ያስተካክላል፣ እንስሳ ይሰበስባል፣ ሁሉንም ይመዘግባል።

በዚሁ በ1817 በፍራንክፈርት የዜንከንበርግ የተፈጥሮ ምርምር ማኅበር ተቋቋመ። ሩፔል የዚህ ማኅበር ሰው ሆነ። ማኅበሩ ገና ጀማሪ ስለነበር የሙዚየሙ መደርደሪያ የሚሞላለት ሰው ይፈልግ ነበር። ሩፔል ደግሞ ገንዘብም ፍላጎትም ነበረው። ሁለቱ ተገናኙ።

የመጀመሪያው ጉዞ

የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞው በ1820ዎቹ መጀመሪያ ተጀመረ። አብሮት ሚካኤል ሃይ የሚባል የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነበር። በሲና በረሃ አልፈው እስከ አቃባ ባሕረ ሰላጤ ደረሱ። ከዚያም በአባይ ሽቅብ ተጉዘው ኑቢያ ገቡ። ሩፔል በዚህ ጉዞ ከወፍና ከአጥቢ እንስሳት ሌላ የዓባይን ወንዝና የቀይ ባሕርን ዓሦች በብዛት ሰበሰበ። ስለ ቀይ ባሕር ዓሦች ያሳተመው ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ የዘርፉ መነሻ ተብሎ ይጠቀሳል።

ኢትዮጵያ ለመግባት በዚያን ጊዜም ሞክሮ ነበር። ግን ከምጽዋ አላለፈም። እሱና ጓደኞቹ ክፉኛ ስለታመሙ ተስፋ ቆርጠው ተመለሱ። በ1827 አውሮፓ ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ በቃኝ ይል ነበር። ሩፔል ግን ደጋውን ሳያይ መመለሱ የቆጨው ይመስላል፤ ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1830 እንደገና ተነሳ።

ወደ ሐበሻ ምድር

በሁለተኛው ጉዞ አብሮት የሄደው ረዳቱ ቴዎዶር ኤርክል ነበር። ሩፔል በኋላ አንድን የኢትዮጵያ ቆቅ በእሱ ስም ጠርቶለታል። በ1831 ምጽዋ ደረሱ፤ በተከታዩ ዓመት ወደ ደጋው ወጡ።

ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር በስም ብቻ ነበር፤ ሥልጣኑ በየአውራጃው ባሉ መሳፍንት እጅ ነው። በ1831 ደብረ ዓባይ ላይ በተደረገው ጦርነት ደጃዝማች ሰባጋዲስ ወደቁ፤ ድል ያደረጉት ራስ ማርዬም እዚያው ሞቱ። ከዚያ በኋላ የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ግዛታቸውን ወደ ትግራይ አሰፉ። ሩፔል የገባው እንግዲህ ይህ ሁሉ በሆነ በማግሥቱ ነው። መንገዱ በሽፍታና በወታደር የተሞላ፣ በየኬላው ቀረጥ የሚጠየቅበት ነበር። በዚህ መሐል አንድ ሰው ወፍና ዓሣ ልሰብስብ ብሎ ሲመጣ የአገሬው ሰው ምን ብሎት ይሆን? ቢያንስ ጤነኛ ነው አይሉትም።

ሩፔል በሰሜን ተራሮች ቆየ። በዚያም ለእኛ አገር ተፈጥሮ መለያ የሆኑትን እንስሳት ለሳይንስ አስተዋወቀ። ዋልያ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ሦስቱም ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት ከእሱ ነው። ደገኛው ፍልፈል፣ ትልቁ ባለወፍራም መንቆር ቁራና ሌሎች ብዙ ወፎችም በእሱ ተገልጸዋል።

ስሞቹን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። የዋልያ ሳይንሳዊ ስም ካፕራ ዋሊ ነው። የጭላዳ ደግሞ ቴሮፒቴከስ ጀላዳ ነው። የቀይ ቀበሮው ካኒስ ሲመንሲስ ሲሆን የሰሜን ማለት ነው። በዚያ ዘመን አንድ አውሮፓዊ አዲስ እንስሳ ሲያገኝ በጌታው፣ በንጉሡ ወይም በወዳጁ ስም ይጠራዋል። ሩፔልም አንዳንዴ እንዲህ አድርጓል፤ የኤርክል ቆቅ ምስክር ነው። ብዙ ጊዜ ግን የአገሬው ሰው እንስሳውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠይቆ፣ የሰማውን በላቲን ፊደል ጽፎ፣ ያንኑ ሳይንሳዊ ስም አደረገው። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። የጽሑፌ ዋና ነጥብ ግን እዚህ ላይ ነው ያለው።

ጣናና ዓሦቹ

ከሰሜን ወርዶ ጎንደር ከገባ በኋላ ሩፔል በከተማው ወራት ተቀመጠ። ከጎንደር ደንቢያን አቋርጦ ጣና መድረስ ሩቅ አይደለም። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ ነው። በዳርቻው ነገደ ወይጦ የሚባሉት ሰዎች ከደንገል በተሠራ ታንኳ ሐይቁን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። ዓሣ በጾም ቀን ስለሚበላ በአካባቢው የሚፈለግ ምግብ ነው። ስለዚህ ለዓሦቹ ስም አለ፤ ስም ያለው ደግሞ ልዩነታቸውን የሚያውቅ ሰው ስላለ ነው።

ሩፔል ከዚህ ሐይቅ ዓሦችን ወስዶ በ1830ዎቹ አጋማሽ በመግለጫ አወጣቸው። ከሰጣቸው ስሞች ውስጥ በሶ፣ ጎርጓሪ፣ ነጂያና ሱርኪስ ይገኛሉ። በሶ ከምንበጠብጠው በሶ ጋር አንድ ድምፅ ነው። ጎርጓሪም ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እንግዳ አይደለም። አንዲት ትንሽ ድንጋይ ላይ የምትጣበቅ ዓሣ ደግሞ ጋራ ደምቤንሲስ ትባላለች፤ የደንቢያዋ ማለት ነው።

ስለ ነጂያ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ይህ ዓሣ ከንፈሩ ወፍራምና ሥጋማ ነው። በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የተደበቁ ነፍሳትን ከንፈሩን ገጥሞ ይመጣቸዋል። ሩፔል ይህን አይቶ አዲስ ወገን አቋቋመለት፤ ስሙንም ላቤዮባርበስ አለው። ከንፈረ ወፍራም ባለጢም እንደ ማለት ነው። ለበሶም እንዲሁ ቫሪኮራይነስ የሚል ወገን አቋቋመ።

ይህ ላቤዮባርበስ የሚለው ስም ዛሬ የት እንደ ደረሰ ብታዩ ትገረማላችሁ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተመራማሪዎች የአፍሪካን ትልልቅ ባርበሶች በሙሉ ወደዚህ ወገን አስገብተዋቸዋል። በደቡብ አፍሪካ ቢጫ ዓሣ የሚባሉት፣ ፍላይ ፊሺንግ የሚወዱ ሰዎች በየወንዙ የሚከታተሏቸው ዓሦች ሳይቀሩ ላቤዮባርበስ ናቸው። ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚሠራበት ስም መነሻው አንድ የጣና ባለወፍራም ከንፈር ዓሣ ነው።

ከጉዞ በኋላ

ሩፔል በ1833 ከጎንደር ተነስቶ በአክሱም በኩል ወደ ምጽዋ ወረደ፤ ከዚያም ወደ አገሩ ተመለሰ። የኢትዮጵያ አከርካሪ ያላቸው እንስሳት የተገለጹበትን ትልቅ ሥራውን ከ1835 እስከ 1840 ባሉት ዓመታት በክፍል በክፍል አሳተመ። የጉዞ ታሪኩንም በሁለት ቅጽ ጻፈ። በ1839 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። በ1845 ደግሞ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ወፎች የሚዘረዝር መጽሐፍ አወጣ።

ከዚያ በኋላ ግን ወደ ኢትዮጵያ አልተመለሰም። በእርጅናው ዘመን ትኩረቱን ወደ ጥንታዊ ሳንቲሞችና ሜዳሊያዎች አዞረ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1884 በተወለደበት ከተማ በ90 ዓመቱ አረፈ። የሰበሰባቸው እንስሳትና ዓሦች በዜንከንበርግ ሙዚየም፣ ከኢትዮጵያ የወሰዳቸው የግዕዝ ብራናዎች ደግሞ በፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ቀሩ።

ስሞቹ ምን ደረሰባቸው?

አንድ ሰው ሲሞት ሕይወቱ ያልቃል፤ ሳይንቲስት ከሆነ ግን የሰጣቸው ስሞች መከራ ገና ይጀምራል። የሩፔልም እንዲህ ሆነ።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጣና ላይ ጥናት ተካሂዶ ነበር። በ1940 ጣሊያናዊው ቢኒ በሩፔል ዝርዝር ላይ ሌሎች ብዙ ስሞች ጨመረ። ስሙ ሲበዛ ግራ መጋባቱም በዛ። በ1973 ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ ባርበሶች ገምግሞ ሌላ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። እንደ እሱ አስተያየት እነዚህ ሁሉ ልዩ ልዩ ዝርያዎች አይደሉም፤ መልኩ የሚለዋወጥ አንድ ዓሣ ነው። ስለዚህ ሃምሳ የሚደርሱ ስሞችን በአንድ ስም ስር ጠቀለላቸው። የተረፈውም ሩፔል ራሱ የሰጠው ኢንተርሚዲየስ የሚለው ስም ነበር። ጎርጓሪ፣ ነጂያና ሱርኪስ ከመጽሐፍ ላይ ተሰረዙ።

በመሐል ሐይቁ ላይ ትልቅ ለውጥ መጣ። በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በፕሮጀክት መልክ ጣና ገቡ። ከዚያ በፊት ዓሣ የሚያዘው በታንኳ፣ ዳር ዳሩን ነበር። አሁን ግን ወደ መሐል ገብቶ፣ ወንዝ አፍ ድረስ ሄዶ መረብ መዘርጋት ተቻለ። በወረቀት ላይ ያለው ዓሣ ደግሞ አንድ ነው። በገበያም ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ይባላል፤ ላቤዮባርበሶቹ ሁሉ ነጭ ዓሣ ናቸው። ነጭ ዓሣ ብዙ ነው ከተባለ ምን ያሳስባል? ይህ ነው አደጋው። ከአሥራ አምስቱ ሦስቱ ቢጠፉ ሚዛኑ ላይ አይታይም።

በ1990ዎቹ የሆላንድ ተመራማሪዎች ናገልኬርኬና ሲቢንግ ከኢትዮጵያውያን ጋር በመሆን ዓሦቹን እንደገና መረመሩ። የራስ ቅርፅ፣ የአፍ አቀማመጥ፣ የሰውነት ርዝመት፣ የሚበሉትን፣ የሚኖሩበትን ጥልቀትና እንቁላል የሚጥሉበትን ቦታ አንድ በአንድ አዩ። ውጤቱ የባኒስተርን አስተያየት የሚገለብጥ ሆነ። በሐይቁ ውስጥ 15 ልዩ ልዩ ዝርያዎች እንዳሉ ገለጹ። ጎርጓሪ፣ ነጂያና ሱርኪስ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። በ1997 ከወጡት አዳዲስ ስሞች አንዱ ደግሞ ቀደም ብዬ ያነሳሁት ትሩቲፎርሚስ ነው።

ነገሩ በዓለም ደረጃም ያስገርማል። ባርበስ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ዓሣ ለማደን የተፈጠረ አይመስልም። ሆኖም ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ አዳኞች ናቸው። ሐይቁ ከ16,000 ዓመታት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር የደለሉ ጥናት ያሳያል። ስለዚህ ይህ ሁሉ ልዩነት የመጣው በሥነ ሕይወት አቆጣጠር ትናንት በሚባል ጊዜ ውስጥ ነው። የጭስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ስለሚወድቅ ከታች ዓሣ አይወጣም፤ የጣና ዓሦች በር እንደተዘጋበት ቤት ሰዎች ለብቻቸው ኖሩ፣ ለብቻቸው ተለዋወጡ። የዘር ጥናት የሚሠሩ ሰዎች ዝርያዎቹ በጣም የተቀራረቡ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ እርግጥ ነው፣ ገና ወጣት ቤተሰብ ናቸው።

አየህ፣ እንግዲህ ከመቶ ስድሳ ዓመት በኋላ የተረጋገጠው የታንኳ ሰው ያውቀው የነበረው ነው። የአገሬው ሰው ጎርጓሪን ከነጂያ ለይቶ የጠራው በከንቱ አልነበረም። ሩፔል ደግሞ ብልሃቱ ስሙን ሰምቶ መጻፉ ነው። አጣሪው ሳይንስ ለሃያ ዓመት ያጠፋውን አስጋሪው በአፉ ይዞት ቆየ።

ወደ ወንዙ የሚወጡት

ከ15ቱ ሁሉም ሐይቁ ውስጥ እንቁላል አይጥሉም። በጉማራ ወንዝ የተደረገው ጥናት ሰባት ዝርያዎች ከሐይቁ ወጥተው ወደ ወንዙ እንደሚሄዱ አሳይቷል። ትሩቲፎርሚስ ከሰባቱ አንዱ ነው። ጊዜው ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። መጀመሪያ በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። ከዚያ የደፈረሰውን ዋና ወንዝ ይዘው ይወጡና ወደ ትናንሾቹ ጅረቶች ይታጠፋሉ። የሚፈልጉት ጥርት ያለ፣ ፈጣን፣ ኦክስጅን የሞላበትና ጠጠር ያለበት ውሃ ነው። እንቁላሉ ጠጠሩ መሐል ይገባል። ደለል ከሸፈነው ታፍኖ ይሞታል። ትራውትም በአውሮፓ ጅረቶች የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ መመሳሰሉ በመልክ ብቻ አይደለም ማለት ይቻላል።

ችግሩ ይህ ጉዞ ለመያዝ ቀላል ማድረጉ ነው። በወንዝ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው ሊወልዱ የሚወጡትን በሙሉ ያፍሳል። ወደ ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ የሚጨምር አለ፤ ብርብራ ትልቁንም ጫጩቱንም ሳይለይ ያደነዝዛል። ጠጠሩና አሸዋው ለግንባታ ይዛቃል፣ ውሃው በፓምፕ ለመስኖ ይሳባል፣ ቆጋና ርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ ሐይቁን ወርሮታል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ብቻ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱ ተመዝግቧል። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ መመዝገቡ ጥሩ ነው፤ መዝገብ ብቻውን ግን መረብ አያስነሳም።

አስጋሪውንም መውቀስ ብቻ አይበቃም። የሚበላው ያጣ ሰው ነሐሴ ላይ ዓሣ አትያዝ ቢሉት ምን ይብላ? የእገዳው ወር መኖሩ የግድ ነው፤ ግን ለአስጋሪው በዚያ ወር አማራጭ ካልተፈለገለት ሕጉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለ ሩፔል መነቀፍ ያለበት

ሰውየውን እንዲሁ ማሞገስ ብቻ ተገቢ አይመስለኝም። የወሰደው ሁሉ ከአገር ወጥቶ ቀርቷል። የዋልያውና የዓሦቹ ዋና መለያ ናሙናዎች ያሉት ፍራንክፈርት ነው። ስለ ጎርጓሪ እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ዓሣውን ከጎንደር ደቡብ ሳይሆን ከጀርመን መፈለግ አለበት። ብራናዎቹም እንዲሁ። ሌላም አለ። ስሞቹን የነገሩት ሰዎች ስም በሳይንሱ መዝገብ ላይ የለም። የዓሣው ስም ጎርጓሪ ሲባል ከጎኑ የሚጻፈው ሩፔል ነው። ጎርጓሪ ብሎ የጠራው አስጋሪ የትም አልተጻፈም።

ደስ የሚለው ግን ሥራው በእሱ አለመቆሙ ነው። ሩፔል በ1830ዎቹ የደንቢያዋን ጋራ ገለጸ። በ2007 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁን ከሜላኒ ስቲያስኒ ጋር ሆኖ አምስት አዳዲስ የጋራ ዝርያዎችን ከአገራችን ገለጸ። አንዷ ጋራ ጣና፣ ሌላዋ ጋራ ደምበጫ ትባላለች። ስም የማውጣቱ ሥራ ወደ ባለአገሩ እጅ መጥቷል ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ለምንማር ሰዎች ጣናም ባሌም ሩቅ ነው። ቅርባችን ትንሹ አቃቂ ነው። ከወጨጫ በኩል ተነስቶ፣ በመካኒሳ አልፎ፣ የፋብሪካውንና የመኖሪያ ቤቱን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። አቃቂ ደግሞ የአዋሽ ገባር ነው። የሩፔል ጋራ በአዋሽ ተፋሰስ ጅረቶችም ውስጥ ትገኛለች። ድልድዩ ላይ አፍንጫችንን ይዘን ስናልፍ ከስር ያለውን ውሃ የዓሣ ቤት ነው ብለን የምናስበው ስንቶቻችን ነን? ለሽታው ስም አለን፤ ይኖርበት ለነበረው ነገር ግን ስም የለንም።

ከሩፔል ሕይወት ለትምህርት ክፍላችን የሚሆነው ቁም ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስም የሌለው ነገር ሲጠፋ አይፈለግም። ጎርጓሪ ከመጽሐፍ በተሰረዘበት ጊዜ ቢጠፋ ኖሮ መጥፋቱን የሚያውቅ አስጋሪው ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ የሚጠይቀው አልነበረም። ስለዚህ ለመስክ ትምህርት ስንወጣ ከመረቡና ከመለኪያው ጋር ደብተር መያዝ አለብን። ወንዝ ዳር ያገኘናቸውን አባባም ሆነ ከብት ጠባቂ ልጅ ይህ ዓሣ ማን ይባላል ብለን እንጠይቅ። የነገሩንን ስም በትክክል በፊደላችን እንጻፍ። ከሩፔል አንድ እርምጃ መሻል ከፈለግን ደግሞ የነገረንን ሰው ስም፣ ፈቃዱን ጠይቀን፣ ከዓሣው ስም ጎን እንጻፍ።